ያየኸውን ነው ወይስ የመሰለህን?

ከደብረ ማርቆስ ተነሥቶ ወደ ደንበጫ የሚጓዝ መንገደኛ በመንገዱ ላይ አማኑኤልን ያገኛታል። የማቻከል ወረዳ ዋና ከተማ ናት፤ በስተሰሜን ምሥራቅ የጮቄ ተራራ ደመናውን ተከናንቦ ይታያታል። የተወለድሁት ከዚያች ከተማ ዳር ነው። ስለ ቋንቋ ካገኘሁት ትምህርት ሁሉ የሚበልጠውን የተማርሁትም በኮሌጅ አዳራሽ ውስጥ ሳይሆን እዚያው፣ ከአንድ የወይራ ዛፍ ሥር በተቀመጡ ሽማግሌዎች ፊት ነው።

ነገሩ እንዲህ ነበር። አባቴና ጎረቤታችን ለየራሳቸው አንድ አንድ በሬ ብቻ ስለነበራቸው ለብዙ ዓመታት በመቀናጆ ያርሱ ነበር። በአንድ ክረምት ማግሥት በሁለቱ ማሳ መካከል የነበረው የድንበር ድንጋይ ከቦታው ርቆ ተገኘ። ከአንድ ሰው አፍ የወጣች ቃል ቤት ለቤት ዞረች፤ ከጎረቤታችን ጆሮ ስትደርስም «ድንጋዩን አንሥቶታል» የምትል ሆና ነበር። ያነሣው የተባለው አባቴ ነው። ወዲያው በሬዎቹ ተለያዩ። እናቴ ከዚያ ቤት እሳት መጫር ተወች። እኔም ከጎረቤታችን ልጅ ጋር ከብት መጠበቅ ተከለከልሁ።

ሽማግሌዎች ተቀመጡ። የቃሉ ባለቤት ተጠርቶ የሚያውቀውን እንዲናገር ተጠየቀ። ሰውየው ኩታውን አስተካክሎ ቆመና «ሳያነሣው አይቀርም» አለ። ከሽማግሌዎቹ አንጋፋው ለጥቂት ጊዜ መሬት መሬቱን ሲያዩ ቆይተው ቀና አሉ። «ልጄ፣ የምትነግረን ያየኸውን ነው ወይስ የመሰለህን?»

ያ ጥያቄ እስከ ዛሬ አልለቀቀኝም። አንጋፋው ሽማግሌ ከአንዲት ቃል ውስጥ ሁለት ነገሮችን፣ የሆነውን ነገርና የተናጋሪውን ልብ፣ ለይተው አወጡ። ይህ መለየት ለምን አስፈለገ? ቃላት ከጥንት ጀምሮ ያዩትንና የመሰላቸውን እየቀላቀሉ ነበርን? ወይስ በዘመን ብዛት የመጣ ጠባይ ነው? ወዳጆቼ፣ በዚህች አጭር መጣጥፍ ላነሣው የፈለግሁት ጉዳይ ይኸው ነው።

እስቲ ከሽማግሌው ቃል፣ ከ«መሰለ» እንጀምር። በግእዝም በአማርኛም «መሰለ» ማለት አንድ ነገር በመልኩ ወይም በጠባዩ ሌላውን ተካከለ ማለት ነው። «ምስል»፣ «ምሳሌ»፣ «አምሳል» ሁሉም ከዚሁ ይወጣሉ። «ልጁ አባቱን ይመስላል» ስንል ሁለቱን አቁሞ ማመዛዘን ይቻላል፤ የሚጠራጠር ቢኖር ዐይኑን ገልጦ ይይ። «ሊዘንብ ይመስላል» ስንል ግን ነገሩ ይለወጣል። የሚመሳሰሉ ሁለት ነገሮች የሉም፤ ያለው አንድ ደመና ነው፤ የደመናውን ምልክት የሚያነብብ አንድ ሰውም ከበስተጀርባ ቆሟል። «ይመስለኛል» ስንል ደግሞ ሰውየው ከተደበቀበት ይወጣል፤ ደመናው ራሱ ይረሳና ቃሉ የሚናገረው ስለ እኔ አሳብ ብቻ ይሆናል። በዐይን ይታይ የነበረው መመሳሰል እንዲህ አድርጎ ወደ ልብ ገባ።

ይህ የአንዲት ቃል ዕድል ቢሆን ኖሮ ብዙም ባላስገረመ ነበር። ነገር ግን በአማርኛ ሰዋስው ጓዳ ውስጥ ገብቶ ለፈተሸ ሰው ብዙዎቹ ዕቃዎች በዚሁ መንገድ የመጡ ሆነው ይገኛሉ።

የጎጃም የቅኔ ቤቶች፣ እነ ዋሸራ፣ እነ ጎንጅ፣ እነ ዲማ ጊዮርጊስ፣ በሰምና ወርቅ ስማቸው የታወቀ ነው። ሆኖም ተማሪው ቅኔ ለመቁጠር የሚያበቃውን ግስና እርባታ ሲማር አብሮ የሚማረው ሌላም ነገር አለ፤ እርሱም «አገባብ» ይባላል። አገባብ በራሱ ቆሞ ነገርን የሚጠራ ቃል አይደለም፤ በሌሎች ቃላት መካከል እየገባ የሚያያይዝና የሚያስማማ ነው። ሊቃውንቱ ዐቢይ፣ ንኡስ እና ደቂቅ ብለው በሦስት ይከፍሉታል። «ደቂቅ» የሚለውን ስያሜ በሰማሁ ቁጥር የእናቴ ወፍጮ ትዝ ይለኛል። እህል ሳለ ጤፉ ጤፍ፣ ገብሱም ገብስ ነው፤ ከደቀቀ በኋላ ግን ፍሬው አይለይም፤ ሆኖም እንጀራ የሚሆነው ያን ጊዜ ነው። ቃላትም እንዲሁ ናቸው። ሙሉ ፍሬ የነበሩት በዘመን ድንጋይ ይደቅቁና ሰዋስው ይሆናሉ።

«ደግሞ» የምትለው ቃል ለዚህ ጥሩ ምስክር ናት። «ደገመ» ሁለተኛ ጊዜ አደረገ ማለት ነው፤ ግእዙም «ዳግም» ይላል። «ደግሜ መጣሁ» የሚል ሰው ሁለት ጊዜ መጥቷል፤ ምስክር ቢጠራበት ይረጋገጣል። «እኔ ደግሞ መጣሁ» የሚለው ግን የመጣው አንድ ጊዜ ብቻ ሊሆን ይችላል። ልብ በሉ፣ ተናጋሪው «እኔ» እያለ ቃሉ «ደግሜ» አልሆነም፤ በሩቁ ሰው መደብ ደርቆ ቀርቷል። እርባታውን ሲያጣ አገባብ ሆነ። ከዚያ ወዲህ የሚቆጥረው ድርጊትን ሳይሆን አሳብን ነው፤ «በተባለው ላይ ሌላ እጨምራለሁ» ለማለት ያገለግላል። በዚህም አላበቃም። «አሁን ደግሞ ምን ፈለግህ?» ስንል የተደገመ ነገር ላይኖር ይችላል፤ የምንሰማው የተናጋሪውን መሰልቸት ነው። «እሱ ደግሞ ብሎ ጀግና!» ስንል ንቀት ብቻ ይቀራል። ከድርጊት ወደ አሳብ፣ ከአሳብ ወደ ስሜት፤ አንዲት ቃል ይህን ሁሉ መንገድ ተጓዘች።

«ይልቅ» የምትለዋም የዚሁ መንገድ ተጓዥ ናት። «ላቀ» ማለት በለጠ ማለት ነው። «ከወርቅ ይልቅ ጥበብ» ሲባል የመላቅ ነገር ገና ይታያል። «ይልቅ ተነሥ እንሂድ» በሚለው ውስጥ ግን የሚለካ ነገር የለም፤ ተናጋሪው ወሬው አልጣመውም፣ ወደ ሌላ ጉዳይ ሊያልፍ ፈልጓል።

እዚህ ላይ አንባቢ «ይህን ጉዞ በምን እናውቀዋለን?» ብሎ ቢጠይቅ ተገቢ ነው። የአማርኛ የጽሑፍ ታሪክ ብዙ ክፍተት አለው። ግእዝ በ4ኛው መቶ ዘመን የንጉሥ ዒዛናን ድል በድንጋይ ላይ ሲመዘግብ እናገኘዋለን፤ አማርኛ ግን ለረጅም ዘመን የአፍ ቋንቋ ሆኖ ኖረ። በ14ኛው መቶ ዘመን ከነገሡት ከዐፄ ዐምደ ጽዮን ጀምሮ ለነገሥታት የተገጠሙ የአማርኛ ግጥሞች እንደ ሩቅ መብራት ብልጭ ይላሉ። እ.ኤ.አ. በ1652 የአማራው ሊቅ አባ ጎርጎርዮስ በጀርመን አገር ጎታ ከተማ ከሂዮብ ሉዶልፍ ጋር ተገናኙ፤ ሉዶልፍ ከእርሳቸው በተማረው ላይ ተመሥርቶ በ1698 የአማርኛን ሰዋስው ፍራንክፈርት ላይ አሳተመ። ከዚያም የጎጃም ተወላጁ አቡ ሩሚ በካይሮ ተቀምጦ መጽሐፍ ቅዱስን ወደ አማርኛ መለሰ፤ የእርሱ ሥራ ነው በ1840 ሙሉ መጽሐፍ ሆኖ ለመታተም የበቃው። በእነዚህ መብራቶች መካከል ብዙ ጨለማ አለ። ስለዚህ የምናደርገው በአንድ በኩል ግእዙን፣ በሌላ በኩል ዛሬ በአፋችን ያለውን አማርኛ አቁሞ ማመሳከር ነው። ግእዝ የአማርኛ እናት ነው ሲባል እየሰማን አድገናል፤ የዘመኑ የቋንቋ አጥኚዎች ግን ሁለቱ ከአንድ ምንጭ የወጡ ዘመዳሞች እንጂ አንዱ ከሌላው በቀጥታ የተወለደ አይደለም ይላሉ። ቢሆንም ቀድሞ የተጻፈው ዘመድ የጥንቱን መልክ ብዙ ጊዜ ጠብቆ ስለሚያቆይ ምስክርነቱ አይናቅም።

የውጭ አገር ሊቃውንትም በየቋንቋቸው ይህንኑ አይተዋል። ፈረንሳዊው አንትዋን ሜዬ እ.ኤ.አ. በ1912 ባሳተመው ጽሑፍ፣ ራሳቸውን ችለው ይቆሙ የነበሩ ቃላት እየደከሙ የሰዋስው መሣሪያ እንደሚሆኑ አስረዳ። በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ያስተማሩት ኤልዛቤት ክሎስ ትራውጎት ደግሞ በ1989 ባወጡት ጥናት፣ በዚህ ጉዞ ውስጥ የሚታየው መድከም ብቻ አለመሆኑን አሳዩ። የቃላት ትርጉም በውጭ ካለው ነገር እየራቀ ወደ ተናጋሪው እምነትና አመለካከት የመጠጋት ዝንባሌ አለው አሉ። የእንግሊዝኛው «ዋይል» በጥንት ዘመን የጊዜን ርዝመት የሚጠራ ስም ነበር፤ ኋላ «በዚያ ጊዜ» ማለት ሆነ፤ ቀጥሎም «ምንም እንኳ» ለማለት ዋለ። ይህን ባነበብሁ ጊዜ የራሳችን «ሳለ» ትዝ አለኝ። «አባቴ ሳለ ይህ መሬት ይታረስ ነበር» ሲባል ጊዜን ብቻ ይናገራል። «ዐይን ሳለው አያይም» ሲባል ግን ሰዓት የሚቆጥር ማንም የለም፤ ሁለቱን ነገሮች አብረው መገኘት የማይገባቸው አድርጎ ያየው የተናጋሪው ልብ ነው። በሺህ ኪሎ ሜትሮች የተራራቁ ሁለት ቋንቋዎች፣ ሳይመካከሩ፣ አንድ መንገድ ሄዱ።

ወደ አገራችን ልመለስ። «አለ» የሚለው ግስ ከግእዙ «ብህለ» ጋር አንድ ነው፤ የ«ብ» ድምፅ ከ«አለ» ላይ ብትጠፋም በ«ብሎ»፣ በ«በል»፣ በ«ተባለ» ውስጥ ዛሬም ትኖራለች። አፍ ያለው ሰው «አልሄድም» ይላል፤ ይህ ንግግር ነው። በቅሎ ግን ስትገተር «አልሄድ አለች» እንላለን፤ አፍ አውጥታ አልተናገረችም፣ ሆኖም ቢያንስ የራሷ ፈቃድ አላት። ቀጥለን «በሩ አልከፈት አለኝ» እንላለን። በር ምን ይላል? አፍም ፈቃድም የለውም። እልሁ የእኔ ነው፤ በበሩ ላይ የለጠፍሁትም እኔ ነኝ። ያረጀ ጎጆም «ልውደቅ ልውደቅ ይላል»፤ ፍርሃቱ ግን በውስጡ የሚያድረው ሰው ፍርሃት ነው።

ከሁሉ የሚበልጠውን ያስተማሩኝ ሁለት ትንንሽ ፊደሎች፣ «በ» እና «ለ» ናቸው። «በ» በግእዝም በአማርኛም ቦታንና መሣሪያን ያመለክታል፤ በቤት፣ በቢላዋ። ከግስ ጋር ሲጣበቅም ይህንኑ ይዞ ይገባል፤ «ወንበሩ ላይ ተቀመጠበት»፣ «በቢላዋው ቆረጠበት» እንላለን። ነገር ግን «በሬው ሞተበት» ስንል የትኛው ቦታ፣ የትኛው መሣሪያ ነው? የሚታየው ጉዳት ብቻ ነው። «ዘነበብኝ» ሲል ገበሬው ዝናቡ የት እንደ ወረደ አልነገረንም፤ ያልተሰበሰበ አዝመራ እንዳለው ግን ዐውቀናል። ያው ዝናብ በሰኔ ቢመጣ «ዘነበልን» ይላል። ሰማዩ አንድ፣ ውኃውም አንድ ነው፤ የተለየው የሰውየው ልብ ነው። «መሰከረለት» እና «መሰከረበት»፣ «ፈረደለት» እና «ፈረደበት» በአንዲት ፊደል ይለያያሉ፤ የሰው ዕጣም እንደዚያው።

አሁን የዚያ ምስክር ቃል ምን እንደ ነበር መረዳት እንችላለን። «አይቀርም» በጥንተ ትርጉሙ የእርግጠኝነት ቃል ነው፤ «ሞት አይቀርም» ስንል ጥርጥር የለበትም። «ሳያነሣው አይቀርም» የሚለውም ቃል በቃል ቢፈታ «ሳያነሣ የሚቀርበት መንገድ የለም» ማለት በሆነ ነበር። ነገር ግን ማንም አማርኛ ተናጋሪ እንዲያ አይሰማውም፤ ግምት ነው። እርግጠኝነቱ ከነገሩ ላይ ተነሥቶ ወደ ተናጋሪው ሲዛወር፣ እግረ መንገዱን ቀለለ። «ይሆናል»ም እንዲሁ ነው። በነጋሪት ጋዜጣ ላይ ሕግ «የጸና ይሆናል» ሲል ቃሉ የብረት ያህል ጠንካራ ነው። «መጥቶ ይሆናል» ስንል ግን ያው ቃል የጥርጣሬ ሽሽግ ሆኖ እናገኘዋለን። አንድ ቃል በአንድ ዘመን፣ በአንድ አገር፣ ከፍርድ ቤት አጥር ውስጥና ውጭ ሁለት ሰው ሆኖ ይኖራል።

ጉዞው በተናጋሪው ልብ ላይም አያበቃም፤ አልፎ ወደ አድማጩ ይሻገራል። «እርሱ» የሚለው ስም የግእዙ «ርእስ»፣ ማለትም «ራስ» ነው፤ «የእርሱ ራስ» እንደ ማለት። «እርሳቸው» ደግሞ በመድረሻው የብዙዎችን ምልክት የያዘ ነው፤ ሆኖም የሚጠራው አንድ ሰውን ነው። ብዛትን ይቆጥር የነበረው ምልክት ክብርን መቁጠር ጀመረ። በእርግጥ ብዙ የሆኑትን ለመጥራት «እነ»ን ከፊት እያስገባን «እነርሱ»፣ «እናንተ» እንላለን። በአገሬ አንድ ልጅ አንድ ሽማግሌ ሲመጡ አይቶ «መጡ» ይላል። ሰዋስው ብቻ የሚያውቅ እንግዳ ቢሰማ ስንት ሰዎች መጡ ብሎ ይጠይቅ ነበር። የመጡት አንድ ናቸው፤ የበዛው የልጁ አክብሮት ነው።

እንግዲህ ይህ ሁሉ የቋንቋ ውድቀት ነውን? የጥንቱ ቃል ጥርት ያለ ነበር፣ የዛሬው ደብዝዟል እያሉ የሚያዝኑ አሉ። እኔ በበኩሌ አላዝንም። «ደገመ» አልጠፋም፤ ዛሬም ዳዊት ይደገምበታል። «መሰለ»ም አልጠፋም፤ ልጅ ዛሬም አባቱን ይመስላል። አሮጌው ትርጉም እንደ ሰም፣ አዲሱ እንደ ወርቅ፣ በአንድ ቃል ውስጥ አብረው ይኖራሉ። ቋንቋችን ያገኘው ነገር ቢኖር ጥርጣሬን፣ እልህን፣ ንቀትን፣ አክብሮትን በአንዲት ፊደል መናገር የሚያስችል ብልሃት ነው። ይህ ድህነት አይደለም።

ሆኖም ብልሃቱ ዕዳ አለበት። ልብ ወደ ቃል ውስጥ ከገባ አድማጭም ልብን ከነገር የመለየት ግዴታ አለበት። አሮጌ ደብዳቤ፣ የርስት ጽሑፍ ወይም ኑዛዜ የምናነብብ ሰዎች ቃሉ በተጻፈበት ዘመን ከጉዞው የትኛው እርከን ላይ እንደ ነበር ካልጠየቅን፣ የአያቶቻችንን እርግጠኝነት ግምት፣ ግምታቸውንም እርግጠኝነት እናደርገዋለን። በሰፈር ወሬም ይኸው ይሆናል። «ሳያነሣው አይቀርም» የምትል ቃል ከአፍ ወደ አፍ ስትሸጋገር መጀመሪያ የሚረግፍባት ያ ስስ የጥርጣሬ ልብስ ነው፤ ሦስተኛው ቤት ስትደርስ «አንሥቶታል» ሆና ትገባለች። በሬ የሚያለያየው እንዲህ ያለ ነገር ነው።

ያ ምስክር ለረጅም ጊዜ ዝም ብሎ ቆመ። በመጨረሻም «አባቴ፣ አላየሁም፤ መስሎኝ ነው» አለ። ጎረቤታችን አንገታቸውን ሲደፉ አስታውሳለሁ። ሽማግሌዎቹ ሁለቱንም ይዘው ወደ ማሳው ወረዱ፤ ሁለቱ በተስማሙበት ቦታ ድንጋዩ ተተከለ። ለአባቴ አልፈረዱለትም፣ አልፈረዱበትምም፤ አስታረቁት። እናቴ በማግሥቱ እሳት ልትጭር ሄደች። መቀናጆው ግን ተመልሶ አልመጣም፤ በጠቡ መካከል ብቻውን የቀረው በሬያችን ተሸጦ ነበርና።

ድንጋዩን ከቦታው ያነሣው ማን እንደ ሆነ እስከ ዛሬ አልታወቀም። የዚያ ክረምት ጎርፍ ሳይሆን አይቀርም። ይህን ስል ግን አንጋፋው ሽማግሌ ከወይራው ሥር ቀና ብለው የሚያዩኝ ይመስለኛል፤ ስለዚህ አስቀድሜ እመልሳለሁ፦ አላየሁም፣ አባቴ፤ መስሎኝ ነው።

ቸር ይግጠመን።